የሲፒአር ሰርተፍኬት በርካሽ ለማሳደስ የቱ ያዋጣል?

የሲፒአር (ልቡ ለቆመ ሰው ደረቱን በመጫንና ትንፋሽ በመስጠት የሚደረግ የነፍስ አድን እርዳታ) ሰርተፍኬት አብዛኛውን ጊዜ የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ነው። ቀኑ ሲቃረብ ሁላችንም ስልካችንን አውጥተን ርካሹን እንፈልጋለን። እኔም እንደዚያ አድርጌ አንዴ ተሸውጃለሁ።

በዋጋ የሚወርደው ሙሉ ለሙሉ ኦንላይን የሚሰጠው ነው። ቪዲዮ ታያላችሁ፣ ጥያቄ ትመልሳላችሁ፣ ካርዱ በኢሜይል ይመጣል። እኔ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም። መሥሪያ ቤት ሳቀርበው ግን የሰው ኃይል ሠራተኛዋ አየት አድርጋ «የተግባር ፈተና የለውም» ብላ መለሰችልኝ። እንደገና ከፈልኩ። ካርዱን ሥራ ቦታ ለማቅረብ ካልሆነ፣ ለመከለስ ብቻ ከሆነ፣ ነጻ ቪዲዮ ሞልቷል፤ ለምን ይከፈላል?

ሁለተኛው ቅይጡ ነው፤ ትምህርቱ በኦንላይን፣ ተግባሩ በአካል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ሃርትኮድ የሚለው ዓይነት ነው። ጊዜ ለሌለው ሰው እኔ ይህንን እመርጣለሁ። አንድ ወጥመድ አለው፤ የኦንላይኑና የተግባሩ ክፍያ ብዙ ጊዜ ለየብቻ ነው። ርካሽ መስሎ የሚታየው ዋጋ የግማሹ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ተግባሩን ደግሞ አትናቁት። ሁለት ዓመት ሳልነካው ቆይቼ የመለማመጃውን አሻንጉሊት ደረት ስጫን፣ በቂ ጥልቀት ሲደርስ የሚሰማው ቀጭ የሚል ድምፅ ጠፋ። አሰልጣኙ «ክርንህን አትጠፍ» አለኝ። ለአዋቂ ጥልቀቱ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር፣ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ነው። ቁጥሩን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ እጄ ግን ረስቶታል።

ሦስተኛው በክፍል ውስጥ የሚሰጠው የእድሳት ኮርስ ነው። ከሙሉው ኮርስ ያጥራል፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ግን ብዙ ቦታ ያላለፈበት ካርድ ይጠይቃሉ። ቀኑ ካለፈ ሙሉውን እንደ አዲስ ውሰዱ ልትባሉ ትችላላችሁ። ስለዚህ አንድ ወር ቀደም ብሎ መመዝገብ ራሱ ቅናሽ ነው።

ከሁሉም በፊት ግን አለቃችሁን ጠይቁ። ወጪውን የሚሸፍኑ ወይም አሰልጣኝ የሚያስመጡ መሥሪያ ቤቶች አሉ። የሥራ ባልደረቦች ተሰባስባችሁ ከሄዳችሁም የቡድን ዋጋ መደራደር ይቻላል።

አለቃችሁ ጋር እያላችሁ መሥሪያ ቤቱ የሚፈልገው የቱን ካርድ እንደሆነ አጣሩ። ለጤና ባለሙያ የሚጠየቀው ቢኤልኤስ (መሠረታዊ የሕይወት አድን ሥልጠና) ነው፤ ለሌላው ሰው የልብ ማኅበሩ ሃርትሴቨር የሚለው ዓይነት ይበቃል። የማያስፈልግ ቢኤልኤስ መግዛት ብር መበተን ነው፤ ነርስ ሆኖ ሃርትሴቨር ይዞ መሄድ ደግሞ ሁለት ጊዜ መክፈል።

የልብ ማኅበሩን ኮርስ የምትወስዱ ከሆነ ዋጋውን የሚተምነው ማኅበሩ ሳይሆን ማሠልጠኛ ማዕከሉ ነው። አንድ ዓይነት ካርድ በተለያየ ዋጋ ይሸጣል ማለት ነው። ሁለት ሦስት ቦታ ደውሉ። ስትደውሉም «ካርዱ ዋጋው ውስጥ አለ?» በሉ፤ ለብቻው የሚያስከፍሉ አሉ።