ለሱቃችሁ የትኛው ዳታቤዝ? ማይኤስኪውኤል፣ ፖስትግሬስ እና ኤስኪውኤል ሰርቨር በታይምአውት ሲወዳደሩ

የሽያጭ ሶፍትዌር ልትገዙ ስትሉ ሻጩ ስለ ፍጥነትና ስለ ዋጋ ያወራችኋል። ስለ ታይምአውት የሚያነሳ ግን የለም ማለት ይቻላል። ታይምአውት ሰርቨሩ (ዳታቤዙ፣ ማለትም ሽያጭና ክምችት የሚመዘገብበት ሶፍትዌር ያለበት ኮምፒውተር) ዝም ያለን ኮምፒውተር እስከ መቼ ጠብቆ ግንኙነቱን እንደሚቆርጥ የሚወስን ቅንብር ነው። መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ለሚሠራ ሰው ይሄ ከፍጥነትም ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ሁለት ካሸሮች ያሉበት ሱፐርማርኬት እንውሰድ። ሰርቨሩና የኔትወርክ ስዊቹ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ) አላቸው። አንደኛዋ ካሸር በዴስክቶፕ፣ ሌላኛዋ በላፕቶፕ ነው የሚሠሩት። አንደኛዋ የባለ 5 ሊትር ዘይት ሽያጭ ጀምራለች። ፕሮግራሙ ከክምችቱ ላይ ቀንሷል፣ ሽያጩን ግን ገና አላጸደቀም። ድንገት መብራት ጠፋ። ዴስክቶፑ ሲጠፋ ለሰርቨሩ የሚነግረው ነገር የለም። ስለዚህ ሰርቨሩ ትራንዛክሽኑን (ተጀምሮ ገና ያልጸደቀውን ሥራ) ክፍት አድርጎ፣ ዘይቱ የተመዘገበበትን መስመር ሌላ ሰው እንዳይነካው ቆልፎ ይጠብቃል። ባለ ላፕቶፗ ያንኑ ዘይት ልትሸጥ ስትሞክር ምን ይገጥማታል?

ማይኤስኪውኤል ላይ በዲፎልት (ማንም ካልቀየረው) 50 ሰከንድ ትጠብቅና ስህተት ቁጥር 1205 ይመጣባታል። ደግማ ብትሞክር ያው ነው፣ ቁልፉ አልተፈታም። የሞተውን ግንኙነት የሚቆርጠው «ዌይት ታይምአውት» የሚባለው ቅንብር ሲሆን ዲፎልቱ 28,800 ሰከንድ፣ ማለትም 8 ሰዓት ሙሉ ነው። ሰርቨሩ የሚሠራው በሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከሆነ ሲስተሙ ራሱ የሞተ ግንኙነት መፈተሽ ይችላል፤ እሱም በዲፎልት የሚጀምረው ከ2 ሰዓት ዝምታ በኋላ ነው። የዌይት ታይምአውትን ቁጥር ወደ 60 ሰከንድ ማውረድ ይቻላል፣ ግን መዘዝ አለው። ይህ ቅንብር ትራንዛክሽን ይዞ የተኛውንና በሰላም የተቀመጠውን ግንኙነት አይለይም፣ ሁለቱንም ይቆርጣል። መልሶ መገናኘት የማያውቅ ፕሮግራም ከዚያ በኋላ የግንኙነት መቋረጥ ስህተት እያወጣ ካሸሮቹን ያሰለቻል። የማይኤስኪውኤል ዘመድ የሆነው ማሪያዲቢ ከ10.3 ጀምሮ ለተኛ ትራንዛክሽን ብቻ የሚሆን ቅንብር ስላለው እዚህ ላይ ይሻላል።

ፖስትግሬስ እንዳለ ከተተወ ከማይኤስኪውኤል ይብሳል። ቁልፍ ለመጠበቅ ገደብ የለውም። ስክሪኑ ደርቆ ይቀራል። ነገር ግን ከ2016ቱ 9.6 ጀምሮ «አይድል ኢን ትራንዛክሽን ሴሽን ታይምአውት» የሚባል ቅንብር አለው። ስሙ ቢረዝምም ለዚህ ችግር የተሠራ ነው። በዲፎልት ዝግ ነው፤ 60 ሰከንድ ላይ ብታደርጉት ትራንዛክሽን ከፍቶ ዝም ያለውን ብቻ ይቆርጣል፣ የተቀነሰው ዘይት ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ባለ ላፕቶፗም ሽያጯን ትቀጥላለች። እኔን በጣም የሚያስደስተኝ ደግሞ ለየተጠቃሚው ለየብቻ መስጠት መቻሉ ነው። ለካሸሮች 60 ሰከንድ፣ ለሒሳብ ሹሟ 30 ደቂቃ ማድረግ ይቻላል። በ2024 የወጣው 17ኛው ቨርዥን ደግሞ ለጠቅላላው የትራንዛክሽን ዕድሜ ገደብ ጨምሯል።

ኤስኪውኤል ሰርቨር መብራት ጠፍቶ ለሞተ ኮምፒውተር ከሦስቱ ፈጣኑ ነው። በዲፎልት 30 ሰከንድ ዝም ያለን ግንኙነት በሕይወት መኖሩን ይፈትሻል፣ መልስ ካጣ ያቋርጣል። ማንም ሳይነካው የሱፐርማርኬቱ ችግር ደቂቃ ሳይሞላ ይፈታል። ድክመቱ ሌላ ቦታ ነው። ካሸሯ ሽያጭ ጀምራ፣ ኮምፒውተሩን ሳታጠፋ ምሳ ብትወጣስ? ኮምፒውተሩ በሕይወት ስላለ ፈተናውን ያልፋል፣ ቁልፉም እንደተያዘ ይቆያል። የተኛ ትራንዛክሽንን ሰዓት ቆጥሮ የሚቆርጥ ቅንብር ሰርቨሩ የለውም። በዶትኔት (በማይክሮሶፍት የፕሮግራም መሥሪያ) የተሠሩ ፕሮግራሞች ላይ የሚታወቁት 15 ሰከንድ ለመገናኘት፣ 30 ሰከንድ ለትእዛዝ የሚሉት ገደቦች በፕሮግራሙ በኩል ያሉ ናቸው፤ የምትጠብቀዋን ካሸር ስህተት ያሳዩአታል እንጂ ምሳ የወጣችውን አያስለቅቁም።

እንግዲህ የኔ ምርጫ ይሄ ነው። ብዙ ካሸር አንድ ክምችት የሚነካበት ሱቅ ወይም ፋርማሲ ከሆነ ፖስትግሬስ፣ ያቺ የተኛ ትራንዛክሽን የምትቆርጠው ቅንብር ተከፍታ። ቅንብር የሚነካ ሰው ከሌላችሁና የመሥሪያ ቤታችሁ ባለሙያ በዊንዶውስ ያደገ ከሆነ፣ የላይሰንሱን ዋጋ አስልታችሁ ኤስኪውኤል ሰርቨር። ለድረ ገጽ ማይኤስኪውኤል ወይም ማሪያዲቢ በቂ ነው፤ እዚያ አብዛኛውን ጊዜ ገጹ ሲያልቅ ግንኙነቱም አብሮ ስለሚዘጋ የተኛ ትራንዛክሽን ብዙ አይገጥምም።

ዳታቤዙን ክላውድ ላይ (በኢንተርኔት በተከራያችሁት ሰርቨር) የምታስቀምጡ ከሆነ አንድ ነገር ጨምሩ። በመሃል ያለው የኔትወርክ ዕቃም የራሱ ገደብ አለው። ለምሳሌ የአዡር (የማይክሮሶፍት ክላውድ) ሎድ ባላንሰር፣ ማለትም ግንኙነቶችን ለሰርቨሮች የሚያከፋፍለው፣ በዲፎልት ከ4 ደቂቃ ዝምታ በኋላ ግንኙነቱን ይጥላል። ዳታቤዙ 8 ሰዓት ቢታገስም መሃል ላይ ያለው አይታገስም።

ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ ፊት ሁለት ኮምፒውተር ላይ ሞክሩት። ሽያጭ ጀምሩና ከማጽደቃችሁ በፊት የአንዱን ኮምፒውተር የመብራት ገመድ ንቀሉ። በሌላኛው ያንኑ ዕቃ ለመሸጥ ሞክሩ፣ ሰዓትም ያዙ። ቀጥሎ ገመዱን ሳትነቅሉ፣ ሽያጩን ክፍት ትታችሁ 5 ደቂቃ ቆዩና በሌላኛው ድገሙት። ከሁለቱ ፈተናዎች አንዱን እንኳ ካላለፈ የትኛው ቅንብር እንደሚስተካከልና ማን እንደሚያስተካክለው ውሉ ላይ ይጻፍ።