ወንድሜን ለረዱት የሱስ ሕክምና ነርስ ምስጋና

ይህን የምጽፈው በሱስ ሕክምና ላይ የሚሠሩ አንዲት ነርስን ለማመስገን ነው። ስማቸውን እንዳልጠቅስ ስለጠየቁኝ ሲስተር እያልኩ ልቀጥል። ወንድሜም እንድጽፍ ፈቅዶልኛል።

ወደ እሳቸው የሄድነው ግራ ገብቶን ነው። ታናሽ ወንድሜ ጠባዩ ተለውጧል። እናቴ የጓደኛ ነገር ነው ትላለች፣ አባቴ ስንፍና ነው ይላል። ሲስተር ግን «ምን ይወስዳል?» ብለው አልጀመሩም። «ምኑ ተለወጠ?» ነው ያሉን። እንቅልፉን፣ የምግብ ፍላጎቱን፣ ገንዘብ አያያዙን፣ ንጽህናውን፣ የተዋቸውን ጓደኞቹን አንድ በአንድ ጠየቁን። ስንመልስ ነገሩ ለራሳችንም እየጠራ መጣ።

አንድ ምልክት ብቻውን ምንም እንደማያረጋግጥ ደጋግመው ነግረውናል። ዓይን የሚቀላው በካናቢስ ሊሆን ይችላል፣ በአለርጂም ሊሆን ይችላል። እንደ ኮኬይንና አምፌታሚን ያሉ አነቃቂዎች የዓይን ብሌንን ያሰፋሉ፣ እንቅልፍ ይነሳሉ፣ ወሬ ያፈጥናሉ፣ ክብደት ይቀንሳሉ። ሄሮይንና ሞርፊን ደግሞ ብሌኑን በጣም ያጠቡታል፤ ሰውየው እያወራ ያንቀላፋል። የጉርምስና ዕድሜም ሆነ ድባቴ ሰውን ሊያገልና ሊያነጫንጭ ይችላል። ስለዚህ ለውጦቹ አንድ ላይ መምጣታቸውንና ሳይጠፉ መቆየታቸውን እዩ አሉን።

የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የምርመራ መመሪያ የሱስን ችግር ለመለየት 11 መመዘኛዎች አሉ። ለመቀነስ ሞክሮ አለመቻል፣ መጠኑን እየጨመሩ መሄድ፣ ሲያጡት ሐራራ መያዝ፣ እየጎዳ መሆኑን እያወቁ መቀጠል፣ ሥራና ትምህርትን መበደል ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። በ12 ወር ውስጥ ሁለቱ ከታዩ ችግሩ ጀምሯል ማለት ነው። ስድስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ከባድ ይባላል። ሲስተር እነዚህን ከወንድሜ ጋር ብቻቸውን ሆነው ነው ያዩዋቸው። እኛን ውጭ አስቀመጡን፤ ደግ አደረጉ።

የወንድሜ ጣጣ መጠጥና የእንቅልፍ ኪኒን ሆኖ ተገኘ። ይህኔ አባቴ ቤት ዘግቶ ሊያስተወው ተነሳ። ሲስተር ቆጣ ብለው አስቆሙት። ለረጅም ጊዜ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም፣ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ፣ ሰውነቱ ተንቀጥቅጦ ራሱን ሊስት ይችላል። ቀጥሎ መቃዠትና የሌለ ነገር ማየት ሊመጣ ይችላል። ሕክምና ካላገኘ ሊገድል ይችላል። እንደ ዳያዜፓም ያሉ የእንቅልፍና የማረጋጊያ ኪኒኖችም እንዲሁ በድንገት አይቆሙም፤ በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሱት። ይህን ብዙ ቤተሰብ የሚያውቅ አይመስለኝም። እባካችሁ ለሌሎችም ንገሩልኝ።

ኪኒኑን የመቀነሱን ሥራ ሲስተር ራሳቸው አልያዙትም። ያ የሐኪም ሥራ ነው ብለው ወደ ሥነ አእምሮ ሐኪም ላኩን፣ ምክሩን ግን አላቋረጡም። የሙያውን ወሰን የሚያውቅ ሰው አምነዋለሁ።

ለእኛም አነጋገር አስተማሩን። ሲጠጣ አታናግሩት፣ ስድብና ዛቻ ይቅር፣ በዓይናችሁ ያያችሁትን ብቻ ንገሩት አሉን። ከወራት በኋላ ሲያገረሽበት ደወልንላቸው። «ነገ ይምጣ» አሉን፣ አልተቆጡም። ማገርሸት በዚህ ሕመም የተለመደ ነው። ከሁሉም አስፈሪው ግን ሰውነት ልማዱን ካጣ በኋላ የድሮውን መጠን መውሰድ ነው። በተለይ ሄሮይንና መሰሎቹን አቁሞ የቆየ ሰው በዚህ ሊሞት ይችላል። ሰው አልነቃ ካለ፣ ትንፋሹ ከዘገየ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ሰማያዊ ከሆነ አምቡላንስ ጥሩ። የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ አስተኙት፤ የሄሮይንና የመሰሎቹን ጉዳት የሚቀለብሰው ናሎክሶን የሚባለው መድኃኒት ካለ ስጡት። እያንኮራፋ ነው ብላችሁ አትተዉት።

ወንድሜ አሁንም ክትትል ላይ ነው። ሥራ ጀምሯል፣ እንቅልፉም ያለ ኪኒን እየመጣ ነው። የሲስተርን አድራሻ የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ሩቅ ያላችሁ ደግሞ የሚቀርባችሁ ጤና ተቋም ሄዳችሁ የአእምሮ ጤና ክፍሉን ጠይቁ። ታማሚው እምቢ ቢል እንኳ እናንተ ብቻችሁን ሂዱ። እኛም እንደዚያ ነው የጀመርነው።

ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልን። እናቴ በጣም ታመሰግንዎታለች።