አንኪ፦ የመርሳትን ሰዓት የሚጠብቅ የጥናት ካርድ
በ2006 እ.ኤ.አ. ለተጠቃሚዎች የቀረበው አንኪ የተባለ የጥናት ፕሮግራም፣ ጥያቄና መልስ የተጻፈባቸውን ካርዶች ተማሪው ሊረሳቸው በተቃረበበት ጊዜ መልሶ ያቀርባል። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ አዲስ የተማርነው ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በፍጥነት ይጠፋል፤ ፕሮግራሙም በትክክል የመለስነውን ካርድ ቀጠሮ ከቀናት ወደ ሳምንታት፣ ከዚያም ወደ ወራት እያራዘመ፣ የሳትነውን ግን ቶሎ እየመለሰ ይህን መርሳት ይቋቋማል። ለባዕድ ቋንቋ ቃላትና ለሳይንስ ስያሜዎች ከሞከርኳቸው ሁሉ የላቀ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ረጅም ማብራሪያ በአንድ ካርድ ላይ ያጨቅሁባቸው ሳምንታት ግን ባክነዋል (ጥፋቱ የራሴ ነበር)፤ አንድ ካርድ አንድ ሐሳብ ብቻ ሊይዝ ይገባዋል። ገጽታው ደረቅ በመሆኑ ለሕፃናት ያለ አዋቂ እገዛ አይመችም። በኮምፒውተርና በአንድሮይድ ስልክ በነጻ ይገኛል፤ የአይፎኑ ይከፈልበታል።