ደብረ ብርሃን ላይ ስቅታን ከቁም ነገር ለምትቆጥር ነርስ

ሰሜን ሸዋ ውስጥ የካንሰር ሕሙማንን የምናስታምም ሰዎች ነን። ይህን የጻፍነው ደብረ ብርሃን ከተማ በአንድ የግል ክሊኒክ የምትሠራ ነርስን ለማመስገን ነው። ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ጀምሮ ስቅታ አልለቅ ያለው ሰው፣ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ በቤቱ ያለውም፣ ወደ እሷ ብቅ ይበል ብለን ነው። «ስሜን እንዳታወጡት» ስላለች አንጽፈውም፤ ክሊኒኩን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀን።

ስቅታ ሲባል ሰው ፈገግ ይላል። «ማን አነሳህ?» ይባላል፤ ከኋላ መጥቶ «ሆ!» ብሎ የሚያስደነግጥም አይጠፋም። ለአምስት ደቂቃ ስቅታ ምንም አይደል። 48 ሰዓት ያለፈው ግን ጨዋታ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ በደቂቃ 20 ጊዜ ስቅ የሚለው ሰው አይተኛም፣ የጎረሰው አይወርድለትም፣ ሆዱ የተሰፋ ከሆነ ስፌቱን በየሦስት ሰኮንዱ ይጎትተዋል። ኬሞው ያልጣለውን ሰው ስቅታው ይጥለዋል።

የዚህች ነርስ ሙያ የሚታየው ገና ሲጀመር ነው። መላ ከመንገሯ በፊት «እስቲ ፌስታሉን ገልብጡት» ትላለች። መድኃኒቱ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ይዘረገፋል፤ ያለቀ ስትሪፕ (የፍሬዎቹ ማሸጊያ) ሳይቀር። ከዚያ ደብተር ላይ ሁለት መስመር ታሰምራለች። በላይኛው እያንዳንዱ መድኃኒት የተወሰደበትን ቀንና ሰዓት፣ በታችኛው ስቅታው የያዘበትንና የለቀቀበትን ትጽፋለች። (ጽሕፈቷን ከራሷ በቀር የሚያነበው የለም፤ ይህን ብቻ አናመሰግንም።) ሁለቱ መስመሮች ብዙ ጊዜ የሚገናኙት ዴክሳሜታዞን፣ ባጭሩ ዴክሳ፣ የሚባለው የስቴሮይድ መድኃኒት ላይ ነው።

ሰው ኬሞውን ነው የሚወቅሰው። ከኬሞ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሲስፕላቲን በራሱ ስቅታ እንደሚያመጣ ይታወቃል። ነገር ግን ከሲስፕላቲን ጋር ማስመለስን ለመከላከል ዴክሳ ይታዘዛል፤ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ቀን 12 ሚሊግራም፣ በሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ቀናት 8 ሚሊግራም አካባቢ። ስቅታው ዴክሳው በተጀመረ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይዞ፣ ዴክሳው ካለቀ በኋላ የሚለቅ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ዙርም እንደዚያው ከደገመ፣ ጥርጣሬው ወደ ዴክሳ ያጋድላል። ወንዶች ላይ ይበዛል። የፍሬው መጠንም ያሳስታል፤ 8 ሚሊግራም የታዘዘለት ሰው ባለ 4 ፍሬ ከተሰጠው ሁለት ይውጣል፣ ባለ 0.5 ከተሰጠው ግን 16። ፋርማሲ ሲቀየር የፍሬው ጉልበት አብሮ ይቀየራል፤ «እንደ ባለፈው ዋጥ» የሚባለው ምክር እዚህ ላይ ነው ጉድ የሚሠራው። የቀኑ መጠን ለሁለት ከተከፈለ ደግሞ ሁለተኛውን ማታ ሳይሆን ቀን 7 ሰዓት ግድም ከምግብ ጋር መዋጥ ይሻላል፤ ማታ የተዋጠ ዴክሳ እንቅልፍ ይነሳል።

ታዲያ ዴክሳውን ጣሉት አትልም። በገዛ እጅ ማቆም ማስመለሱን ይመልሰዋል፤ ለሳምንታት የወሰደውና ለአንጎል እብጠት የታዘዘለት ሰው ድንገት ካቆመ ደግሞ አደጋ ላይ ይወድቃል። እሷ የምታደርገው መስመሮቹን በግልጽ ገልብጣ (ይህን እንኳ በሚነበብ ጽሕፈት) ለኦንኮሎጂ (ለካንሰር) ሐኪሙ መላክ ነው። ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንስ ወይም ወደ ሌላ ስቴሮይድ፣ ወደ ፕሬድኒሶሎን አለዚያም ሜቲልፕሬድኒሶሎን፣ ሊቀይር ይችላል። ይህ ከሚቀጥለው ዙር በፊት መድረስ አለበት። ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ ተነስቶ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ የሚመላለስ ሰው፣ ወረቀቱን ረስቶ ከደረሰ ያው መድኃኒት በያው መጠን ይደገምለታል።

መስመሮቹ ዴክሳ ላይ ካልተገናኙ ሆድን ትጠይቃለች። ስቅታ የሚመጣው ደረትንና ሆድን የሚለየው ጡንቻ፣ ድያፍራም፣ ሳይታዘዝ ሲሸማቀቅና ወዲያው የድምፅ በር ሲዘጋ ነው። ጨጓራ ሲነፋ ያንን ጡንቻ ከታች ይገፋዋል፣ በአጠገቡ የሚያልፉትንም ነርቮች ይነካካል። አምቦ ውሃና ለስላሳ፣ ሹሮ በብዛት፣ ትኩስ ቀይ ወጥ፣ ጠላና አረቄ፣ የሆድ ድርቀትም ጭምር ስቅታን ይጠራሉ። ምግቡን በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ከፋፍሎ፣ በአንዴ ከሩብ እንጀራ ሳያልፉ መብላት፤ በሶ ከሆነ ቀጠን አድርጎ ቀስ ብሎ ፉት ማለት። ከበሉ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል አለመተኛት፣ ቃር ካለም የአልጋውን ራስጌ በእንጨት ወይም በጡብ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ከፍ ማድረግ።

ሁለት ነገር እዚህ አገር ስለሆነ ብቻ ትጠይቃለች። አንዱ ጾም ነው። እስከ 9 ሰዓት ቆይቶ ባዶ ጨጓራ ላይ አንድ ትሪ የሚበላ ሕመምተኛ ማታውን ስቅታ ቢይዘው አይገርምም፤ «የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፣ ለታመመ ሰው ይፈቅዳሉ» ትላለች። ሌላው ጸበል ነው። ሸንኮራ ዮሐንስ ሄዶ አንድ ጆግ በአንድ ትንፋሽ የሚጠጣ አለ። ጸበሉን አትከለክልም፤ በሲኒ፣ እያረፉ ይጠጡ ትላለች። አንድም ጨጓራ እንዳይነፋ፣ አንድም ማስመለስና ብዙ ውሃ ተደርበው የደም ሶድየምን (ጨውን) እንዳያወርዱት፤ የሶድየም መውረድ ራሱ ስቅታ ያመጣል። ነጭ የደም ሴሉ የወረደ ሰው ግን ያልፈላ ውሃ ከመጠጣቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

የቤት ውስጥ ዘዴዎችንም አትንቅም፤ ለማን እንደማይሆኑ ግን አስቀድማ ትናገራለች። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ አየር ስቦ ከ10 እስከ 15 ሰኮንድ መያዝ፣ ሦስት ጊዜ፤ ሳንባው የተጎዳ ይቅርበት። አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ ስኳር ምላስ ላይ አድርጎ መዋጥ፤ ዴክሳ የደም ስኳርን ከፍ ስለሚያደርግ ስኳር ሕመም ያለበት አይሞክረው። ጉልበትን ወደ ደረት ሰብስቦ ለአንድ ደቂቃ ማቀፍ። ቀዝቃዛ ውሃ አከታትሎ በትንንሹ አሥር ጊዜ መዋጥ፤ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ያለበት ወይም በመድኃኒት የደነዘዘ ሰው ግን ወደ ሳንባው ሊገባበት ይችላል። ሎሚና ኮምጣጤ አፉ ለቆሰለ ሰው ሥቃይ ነው። አንገት ማሸትና ዓይን መጫን ለማንም አይሆንም። ፕላትሌቱ (ደም የሚያረጋው የደም ክፍል) የወረደ ሰው ጉሮሮ ውስጥ ጣትም ሆነ ማንኪያ መክተት ደም ያስፈስሳል።

መድኃኒት የሚያዘው ሐኪም ነው፤ የእሷ እገዛ የታዘዘውን በትክክል ማስወሰዱ ላይ ነው። የማስመለስ መከላከያው ሜቶክሎፕራማይድ፣ ማለትም ፕላሲል፣ ብዙ ጊዜ 10 ሚሊግራም በቀን ሦስቴ ይታዘዛል፤ አንጀት ተዘግቶ ከሆነ አይሰጥም። ጡንቻ የሚያፍታታው ባክሎፌን 5 ሚሊግራም በቀን ሦስቴ ይጀመራል፤ ኩላሊት ከደከመ ሰውነት ውስጥ ተጠራቅሞ ሰውን ያፈዛል፣ ሲስፕላቲን ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል፤ ስለዚህ የኩላሊት ምርመራው ውጤት ይታይ፣ ከተለመደም በኋላ በአንዴ አይቋረጥ። ክሎርፕሮማዚን 25 ሚሊግራም ሲታዘዝ ቤተሰብ «ይሄማ የአእምሮ መድኃኒት ነው» ብሎ ይደነግጣል። ለስቅታም የታወቀ መድኃኒት ነው። የሚያስፈራው ሌላ ነው፤ ሲነሱ የደም ግፊትን ይጥላል። ሽንት ቤቱ ግቢ ጥግ በሆነበት ቤት፣ በዚያ የደብረ ብርሃን ብርድ ሌሊት ብድግ ብሎ የወጣ ሰው ደጃፍ ላይ ይወድቃል። አልጋው ጠርዝ ላይ ሁለት ደቂቃ ተቀምጦ፣ ሰው ደግፎት ይነሳ፤ ባልዲ አልጋው አጠገብ ቢቀመጥ ደግሞ የበለጠ። ፕላሲልና ክሎርፕሮማዚን አብረው ከተወሰዱ መንጋጋ ሊያደርቁ፣ አንገት ሊያጣምሙ ይችላሉ። አንዱ ከአንድ ሐኪም ሌላው ከሌላ ስለሚታዘዝ ይህ የሚደረስበት ፌስታሉ ሲገለበጥ ብቻ ነው።

ትኩሳቱ 38 የደረሰ፣ ማስመለሱ ያላቆመ፣ ውሃ መዋጥ ያቃተው፣ ሽንቱ የቀነሰ፣ ደረቱን የሚወጋው፣ ጥቁር ሰገራ ያየ፣ የሚዘባርቅ ወይም አንድ ጎኑ የደከመ ሰው ወደ እሷ አይሂድ፤ በቀጥታ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይግባ። ይህንንም የነገረችን እሷው ናት።

ጠዋት ወረፋው ይበዛል፣ ከሰዓት በኋላ ሂዱ። ለምክሩ ለብቻው አታስከፍልም። ስትሄዱ የኬሞውን ካርድ፣ የመጨረሻውን የደምና የኩላሊት ምርመራ ውጤት፣ መድኃኒቱን በሙሉ ያዙ። ባዶ ስትሪፕ አትጣሉ፤ የፍሬው ሚሊግራም የተጻፈው ጀርባው ላይ ነው።