ቤት መምቻውን ለመለሱልኝ ጠራዥ

ይህ ምስጋና ለአንድ መጽሐፍ ጠራዥ ነው። ስማቸውን አልጽፍም። «ሰው ሲበዛብኝ እጄ ይቸኩላል፤ በይፋ እንዳታወጣኝ» ብለውኛል። እኔም ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ቤቴ ውስጥ ያለችውን ነገር ቤተ መጻሕፍት ማለት ትንሽ ማጋነን ነው። ሁለት መደርደሪያ ናት። ልብ ወለድ፣ አጫጭር ታሪኮች፣ ተረትና ግጥም ብቻ። ደግሜ የማላነበውን መጽሐፍ አላስቀምጥም፤ ለሰው እሰጣለሁ። ስለዚህ እዚያ የቀሩት ሁሉ ደጋግመው የተገለጡ ናቸው። ደጋግሞ የተገለጠ መጽሐፍ ደግሞ አንድ ቀን መፈታቱ አይቀርም።

ከሁሉም የተጎዳችው አባቴ የተወልኝ የግጥም መድበል ነበረች። ገና እጄ እንደገባች ሽፋኗ ተገንጥሎ ስለነበር ሳላነባት ለሌላ ጠራዥ ሰጠኋት። በሁለት ቀን አደረሰልኝ። ደስ አለኝ፤ እስክገልጣት ድረስ። ቅጠሎቹን በሙሉ ከጎን ወግቶ በወፍራም ክር አንድ ላይ ሰፍቷቸዋል። ጥንካሬው አይካድም። ግን መጽሐፏ አትከፈትም። ለቀቅ ካደረግኳት እንደ ወጥመድ ጥርቅም ትላለች። የባሰው ደግሞ በግራ ገጽ ያሉት ግጥሞች ላይ የረጃጅሞቹ ስንኞች ጫፍ ስፌቱ ውስጥ ገብቷል። ቤት መምቻው ተዋጠ ማለት ነው። የመጨረሻዋን ቃል በግምት እየሞላሁ ሳነብ ኖርኩ። በዚያ ላይ ጠርዙን እኩል ላድርግ ብሎ ሲቆርጥ፣ አባቴ በኅዳጉ ላይ በእርሳስ ከጻፋቸው ማስታወሻዎች የአንዳንዶቹን ፊደል አብሮ ወስዶታል። ይህንን እስካሁን አልረሳሁለትም።

ጋሼ ጋ ሰባት መጻሕፍት በካርቶን ይዤ ሄድኩ። ምንም ሳይሉ መድበሏን አነሱ። ጀርባዋን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። መሃሏን በግድ ከፍተው ወደ ብርሃን አዘነበሏት። ከዚያ አሸተቷት።

«ማነው እንዲህ የቀበራት?» አሉኝ።

ያንን ወፍራም ክር በስስ ቢላ አንድ በአንድ ቆርጠው ነቀሉት። ለካ መጽሐፏ ስትታተም ቅጠሎቿ ታጥፈው፣ አንዱ በሌላው ውስጥ ገብቶ፣ በትናንሽ ጥራዝ የተሠሩ ነበሩ። ስፌቱ ማለፍ ያለበት በእጥፉ መሃል ነው። እንደዚያ ሲሆን ነው ገጹ እስከ ሥሩ የሚገለጠው። የተቀደዱትን እጥፎች ከዛፍ ልጥ በሚሠራ ስስ የጃፓን ወረቀት ደግፈው፣ በስንዴ ስታርች ሙጫ ለጠፏቸው። ለምን ኮላ እንደማይጠቀሙ ጠየቅኳቸው። «ኮላ አንዴ ከያዘ አይለቅም ልጄ። ይሄኛውን ነገ ከእኔ የተሻለ ሰው ቢመጣ በውሃ አርሶ ያላቅቀዋል» አሉ። በሥራው እንዲህ የሚያስብ ባለሙያ ስንቱ ነው?

ጠርዙ ወጣ ገባ ሆኗል። ልቁረጠው አላሉም። የእርሳሱን ጽሑፍ ቀድመው አይተውታል።

ከሰባቱ ሁለቱን አልሰፋም ብለው መለሱልኝ። አንዱ ጀርባው በሙጫ ብቻ የተያዘ ልብ ወለድ ነው። ቅጠሎቹ ተነጣጥለው የተቆረጡ ስለሆኑ ክር የሚያልፍበት እጥፍ የላቸውም። «አዲስ ብትገዛ ይሻልሃል» አሉኝ። ሌላው የአጫጭር ታሪኮች መጽሐፍ ነው፤ ወረቀቱ አሲድ ያለበት ርካሽ ወረቀት ስለሆነ ሲታጠፍ እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰበራል። መርፌ ቢገባበት ይብሳል። ለእሱ በልኩ ከካርቶን ሳጥን ሠሩለት። ሰፍተው ሊያስከፍሉኝ ይችሉ ነበር፤ እኔ ምን አውቄ!

የራሴም ጉድ ነበረበት። አንድ የተረት መጽሐፍ ገና ልጅ እያለሁ በስኮች ለጥፌዋለሁ። ስኮቹ ደርቆ ተነስቷል፤ ሙጫው ግን ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ ቡናማ መስመር ትቷል። ጋሼ ፕላስቲኩን አነሱና «ቀለሙ አይወጣም፤ አልዋሽህም» አሉኝ። ስኮች የምታነሱ ሰዎች፣ እባካችሁ መልሱት።

እንከን የላቸውም ወይ? አላቸው። ሦስት ሳምንት ያሉኝ ሰባት ሳምንት ፈጀ። ስልክ አያነሱም። ደግሞ ይቆጣሉ። መጽሐፍ ከመደርደሪያ ሳወጣ የጀርባውን አናት በጣቴ ስቤ ሲያዩኝ «ጆሮውን ይዘህ ነው እንዴ የምታወጣው?» ብለው ጮኹብኝ። ለካ ግራና ቀኝ ያሉትን መጻሕፍት ትንሽ ወደ ውስጥ ገፋ አድርጎ፣ የሚፈለገውን ወገቡን ይዞ ማውጣት ነው። መደርደሪያዬንም ፀሐይ ከሚያርፍበት አንስቼ፣ ከግድግዳው ትንሽ እንዳርቀው ነገሩኝ። አየር ካላገኘ እርጥበቱ ሻጋታ ያመጣል።

ሌላ ጠራዥ ጋ የምትሄዱም ብትሆኑ፣ መጽሐፉን ከመስጠታችሁ በፊት ስፌቱ በየት በኩል እንደሚያልፍ ጠይቁ። ጠርዙን እንዳይቆርጥም አስቀድማችሁ ተናገሩ። እኔ ይህንን ሳልጠይቅ ነው የተጎዳሁት።

መድበሏ አሁን ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጣት ዘርጋ ብላ ትተኛለች። መጀመሪያ የገለጥኩት ያንን ስንኝ ነው። መጨረሻው ላይ «ተ» ብቻ ትታየኝ ስለነበር ለዓመታት «ተመለሰ» እያልኩ አነብ ነበር። ቃሉ «ተረሳ» ኖሯል። ግጥሙ በሙሉ ሌላ ግጥም ሆነብኝ። አባቴም ከጎኑ ለምን እንዳሰመረበት አሁን ነው የገባኝ።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። የሚጠረዝ መጽሐፍ ያላችሁ በውስጥ ጻፉልኝ። ስልክ ስለማያነሱ እኔው ይዤያችሁ እሄዳለሁ። ብቻ አትቸኩሉ።