ለጉዳት ጡረታ የሕክምና ፋይል የሚያዘጋጁ የጅማ ጽሕፈትና ትርጉም ቤቶች፦ ገንዘብ የሚያወጣው የትኛው ሥራቸው ነው?

ከሠራዊቱ በጉዳት የተሰናበተ ሰው ጅማ ላይ ወረቀቱን በፌስታል ይዞ መጀመሪያ የሚገባው የጽሕፈት አገልግሎት ቤት ነው። ማመልከቻ ይጻፍለታል፣ ኮፒ ይነሣለታል፣ የትርጉም ፈቃድ ያለው ቤት ከሆነ ደግሞ የሐኪሙ እንግሊዝኛ ይተረጎምለታል። ቤቶቹ በአሠራር ስለሚመሳሰሉ አገልግሎቱን በጥቅሉ እንመዝነው። ኮፒያቸው ጥሩ ነው፤ ማመልከቻቸው መካከለኛ ነው፤ የሕክምና ትርጉማቸው ግን ሐኪም ሳያየው ማኅተም ሊያርፍበት አይገባም።

ከማመልከቻው እንጀምር። አብዛኛው ቤት ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀመጠው አንድ ቅጽ አለ፤ ስምና ማዕረግ ይቀየርና «የጡረታ መብቴ ይከበርልኝ» ብሎ ያልቃል። ችግሩ ሕጉ ሁለት የተለያዩ መብቶችን የሚያውቅ መሆኑ ነው። በኋላ በአዋጅ 1267/2014 በተተካው በ714/2003 አዋጅ መሠረት የጤና ጉድለት ጡረታ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልግ ነበር። ከሥራ የመጣ ጉዳት ግን የአገልግሎት ዘመን አይጠይቅም ነበር፤ ጉዳቱ ቢያንስ 10 በመቶ ሆኖ ሰውየውን ለዘለቄታው ከሥራ ካስወጣው፣ አበሉ ጉዳቱ በደረሰበት ወር ያገኝ የነበረው ደመወዝ 47 በመቶ ነበር። 6 ዓመት ያገለገለን ወታደር በመጀመሪያው መንገድ የሚያስጠይቅ ጸሐፊ ገና ከመነሻው በሩን ዘጋበት ማለት ነው። ስለዚህ «ከሥራ የመጣ ጉዳት» የሚለው ሐረግ ከማመልከቻው የመጀመሪያ አንቀጽ ውስጥ መኖሩን ሳያዩ አይፈርሙ።

የጉዳቷ መቶኛም ቀላል ነገር አይደለችም። በዚያው አዋጅ ጉዳት ደርሶበት መሥራት የሚችል ሰው የሚያገኘው ዳረጎት (በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ክፍያ) ይሰላ የነበረው የደመወዙ 47 በመቶ በ60 ተባዝቶ፣ እንደገና በጉዳቱ መቶኛ ተባዝቶ ነው። ደመወዙ 4,000 ብር ቢሆን 1,880 በ60 ሲባዛ 112,800 ይመጣል፤ ቦርዱ 20 በመቶ ካለ 22,560 ብር፣ 30 በመቶ ካለ 33,840 ብር ይሆናል። መቶኛውን የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ ነው። ጸሐፊው «80 በመቶ ተጎድቻለሁ» ብሎ ቢያስገባ ከማስቆጣት በቀር የሚያመጣው ነገር የለም።

ወደ ትርጉሙ እንምጣ፤ ዋናው ጉድ እዚህ ነው። የሆስፒታል ካርዱ ጽሑፍ እንግሊዝኛ ይባል እንጂ ግማሹ ምህጻረ ቃል ነው። «አር ኦ» የሚለው ምልክት ሐኪሙ በሽታውን ጠርጥሮ ገና እንዲጣራ ማዘዙን ይናገራል፤ ተርጓሚው «በሽታው ተገኝቶበታል» ብሎ ያሰፍረዋል። ቦርዱ ዋናውን ካርድ ሲያይ ሰውየው የዋሸ ይመስላል። «ቢ ኬ ኤ» እግሩ ከጉልበት በታች ተቆርጧል ማለት ነው፣ «ኤ ኬ ኤ» ከጉልበት በላይ፤ አንዲት ፊደል ጉልበት ታሳጣለች። ግራና ቀኝ ሲገለባበጡ ማየትም የተለመደ ነው። «አር ቲ ኤ» ተብሎ የተጻፈው ደግሞ የመኪና አደጋ ማለት ነው። በግዳጅ ላይ የተገለበጠ የሠራዊት መኪናም፣ በፈቃድ ላይ እያለ የተሳፈረበት ሚኒባስም በካርድ ላይ ያው «አር ቲ ኤ» ነው፤ ልዩነቱን የሚያወጣው የሠራዊት ክፍሉ ደብዳቤ ብቻ ነው።

ትርጉም የሚከፈለው በገጽ ስለሆነ ቤቱ ሁሉንም ገጽ ቢተረጉም ደስ ይለዋል። ሁሉም አያስፈልግም። የመጀመሪያ ሕክምና ወረቀት፣ የሪፈር ወረቀት፣ የኦፕራሲዮን ማስታወሻ፣ ከሆስፒታል ሲወጣ የተሰጠው ማጠቃለያና የራጅ ንባብ ይበቃሉ። የየቀኑ የሙቀትና የደም ግፊት ሰንጠረዥ ፋይል ያወፍራል እንጂ ጉዳቱን ከግዳጁ ጋር አያገናኝም። የሚያገናኘው ሰንሰለት አጭር ነው፦ ጉዳቱ የት፣ መቼና በምን ግዳጅ ላይ እንደደረሰ የሚገልጽ የክፍሉ ደብዳቤ፣ በዚያው ሰሞን የተጻፈ የሕክምና ወረቀት፣ ከዚያም ዛሬ ያለበትን ሁኔታ የሚያሳይ አዲስ የሐኪም ማስረጃ። መካከለኛው ከጎደለ ሁለቱ ጫፎች አይገናኙም። ወረቀቱ አዲስ አበባ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል ከቀረ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ማስወጣት፣ አለዚያም በሕጋዊ ውክልና ሰው መላክ ነው፤ የትኛውም የጽሕፈት አገልግሎት ቤት ይህን ክፍተት በጥሩ አማርኛ አይሞላውም።

አዲሱን ማስረጃ የሚጽፈውን ሐኪም «አካል ጉዳተኛ ነው» ብሎ እንዲጽፍ ከመለመን ልኬት መጠየቅ ይሻላል፦ ጉልበቱ ስንት ዲግሪ ይታጠፋል፣ እግሩ በስንት ሳንቲ ሜትር አጥሯል፣ በፍንዳታ ለተጎዳ ጆሮ ደግሞ የመስማት ምርመራው በዴሲቤል ስንት አወጣ። ጤነኛ ጉልበት 135 ዲግሪ አካባቢ ስለሚታጠፍ፣ «70 ዲግሪ» የሚል ወረቀት ከሦስት መስመር ሐዘን ይበልጣል።

ቀን ሌላው ወጥመድ ነው። የክፍሉ ደብዳቤ «ኅዳር 2013» ይላል፤ ሐኪሙ «2020» ጽፎ የፈረንጅ መሆኑን አይገልጽም። ሁለቱ ያንኑ ጊዜ ያመለክታሉ፣ ነገር ግን ፋይሉን የሚያየው ሰው የሰባት ዓመት ልዩነት ሊያነብ ይችላል። ከተርጓሚዎቹ ጥሩዎቹ ከእያንዳንዱ ቀን አጠገብ «እ.ኤ.አ.» ወይም «ዓ.ም.» ይጨምራሉ፤ ይህን የሚያደርግ ቤት ካገኙ አይልቀቁት።

የስም ነገር ጅማ ላይ የራሱ ጣጣ አለው። የቀበሌው ወረቀት በአፋን ኦሮሞ፣ የሠራዊቱ በአማርኛ፣ የሆስፒታሉ በእንግሊዝኛ ይመጣል። ጠሃ የተባለ ሰው በቁቤ በ«ኤክስ» ይጀመራል፣ በሆስፒታል ካርድ በ«ቲ»። ቁቤ የማያውቅ አንባቢ ሁለት ሰው ናቸው ይላል። ተርጓሚው ስሙን በሦስቱም አጻጻፍ ጠቅሶ የካርድ ቁጥሩን ከጎኑ ያስፍር። ካርዱ ጠፍቶበት አዲስ ካርድ ያወጣ ሰው ሁለት ቁጥር ስለሚኖረው ሁለቱም ይጻፉ።

ስለ ኮፒው ብዙ የሚባል የለም፤ አንድ ምክር ብቻ። የልብ ምርመራና የአልትራሳውንድ ወረቀት በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ከጊዜ ጋር ይደበዝዛል፤ ዛሬውኑ ኮፒ ይነሣ። የራጅ ፊልም በፎቶኮፒ ማሽን ጥቁር ሆኖ ነው የሚወጣው፤ ንባቡ ይበቃል። በጅማ ክረምት ፊልሞች እርስ በርሳቸው ስለሚጣበቁ በመካከላቸው ንጹሕ ወረቀት ያስገቡ፣ ፌስታሉን ግን ይተዉት፤ እርጥበቱን የሚያፍነው እሱ ነው።

አንዳንዱ ቤት «ቀኑን እናስተካክልልህ» ይላል። ይህ ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀት ነው። ሆስፒታሉ በካርድ ቁጥሩ ዋናውን አውጥቶ ሲያመሳክር እውነተኛው ጉዳት ጭምር ይጠረጠራል።

ከመውጣትዎ በፊት የኮምፒውተሩን ነገር ያንሡ። የካርዱ ስካን ውስጥ የኤች አይ ቪ ውጤትም፣ የአእምሮ ሕክምና ማስታወሻም ሊኖር ይችላል፤ በብዙ ቤት ግን ፋይሉ ዴስክቶፕ ላይ በሰውየው ስም ተቀምጦ ለሚቀጥለው ደንበኛ ይታያል። በፍላሽ ከወሰዱ በኋላ ከኮምፒውተሩም፣ ከማጠራቀሚያ ቅርጫቱም (ሪሳይክል ቢን)፣ በቴሌግራም ልከው ከነበረ ከዚያም ዓይንዎ እያየ ይሰረዝ። ፋይሉን ለመዝገብ ቤት ሲያስገቡ ደግሞ በእጅዎ በሚቀረው ኮፒ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያስመቱ።