ቅዳሜ ገበያ ጀርባ ያለችው የገብስ እንጀራ ቤት

ጎንደር ውስጥ ንጹህ የገብስ እንጀራ ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሦስት ዓመት ፈልጌያለሁ። ዳባት ተወልጄ ነው ያደግሁት። ጎንደር ከገባሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። አግብቼ፣ ወልጄ፣ ማራኪ ሰፈር ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። ብዙ ነገር ለምጃለሁ፣ የገብሱን ነገር ግን መልመድ አቃተኝ። በየቦታው ስጠይቅ "አለ" ይሉኛል፤ ሲቀርብ ግማሹ ስንዴ፣ ግማሹ ጤፍ ነው፣ ገብሱ ለስም ያህል የገባ። አንዱ ምግብ ቤትማ ጥቁር የጤፍ እንጀራ አምጥቶ "ገብስ ነው" ብሎ አስከፍሎኛል። የገብስ ልጅ መሆኔን አላወቀም።

አምና ከዐቢይ ጾም በፊት አንድ የደባርቅ ልጅ፣ ባጃጅ ነጂ ነው፣ ይህችን ቤት ጠቆመኝ። ከዚያ ወዲህ በወር ሦስት አራት ጊዜ እሄዳለሁ። ስም የላትም፣ ታፔላም የላትም። ከቅዳሜ ገበያ ጀርባ ባለው ቀጭን መንገድ ስትገቡ ጫፉ ላይ ጣሳ የተደፋበት እንጨት ታያላችሁ፤ እሷ ናት። ካጣችኋት "የደባርቋ ሴትዮ ቤት" ብላችሁ ጠይቁ፣ ሰው ያሳያችኋል።

ባለቤቷ ሃምሳን ያለፉ ሴት ናቸው። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ገና ዱካው ላይ ሳትቀመጡ "ምን ልታዘዝ?" አይሉም። "ልጄ፣ አገርህ ወዴት ነው?" ይላሉ። መጀመሪያ ቀን ለጨዋታ ያህል የጠየቁኝ መስሎኝ ነበር። አይደለም፤ የሚያቀርቡላችሁን የሚወስኑት በመልሳችሁ ነው። ዳባት፣ ደባርቅ ወይም ጃናሞራ ካላችሁ ከምጣድ የወጣ የገብስ እንጀራ ከወፍራም የባቄላ ሽሮ ጋር ይመጣላችኋል። ደምቢያ ካላችሁ ጤፍና ዳጉሳ የለመደ ሆድ እንደሆነ ያውቃሉ፤ መጀመሪያ ትንሽ ቆርሰው ያቀምሷችኋል፣ ካልተስማማችሁ የጤፉም አለ። ከመተማ ወይም ከቋራ ለመጣ ሰው ደግሞ ሚጥሚጣውን ሳይጠይቅ ከጎኑ ያስቀምጡለታል። ከአዲስ አበባ የመጣ ጓደኛዬ "አዲስ አበባ" ብሎ ሲመልስላቸው "እሱ የምትኖርበት ነው፤ አገርህን ነው የጠየቅሁህ" አሉት። አሰበና "አያቴ የእብናት ናቸው" አለ። "በል እንግዲያ" ብለው ወደ ምጣዳቸው ሄዱ። ልጁ እስከዛሬ ያነሳዋል።

ወደ እንጀራው ልምጣ። የገብስ እንጀራ እንደ ጤፍ አይለሰልስም። ወፈር ይላል፣ ዓይኑ አነስ ያለ ነው፣ ሲቀዘቅዝ ይሰነጣጠቃል። ለዚህ ነው ምግብ ቤቶች የሚሸሹት፤ ጠዋት ጋግረው ቀን ሙሉ ሊሸጡት አይችሉም። እትዬ ሰው ሲመጣ ነው የሚጋግሩት። አክንባሎው ሲነሳ የሚወጣው ሽታ፣ በቃ፣ እናቴ ቤት ነው። ሽሮው ላይ ነጭ ሽንኩርት አይቆጥቡም፣ ዘይቱ ግን ልክ ነው፣ አይንሳፈፍም። በጥቁር ሸክላ እየተንተከተከ ይቀርባል። ከምግቡ በኋላ በትንሽ ሰፌድ የገብስ ቆሎ ያመጣሉ፣ ሰነፍ ገብስ ከሚባለው ዓይነት ነው፣ ለሱ አያስከፍሉም።

ኮረፌም አለ። ኮረፌን ከጠላ ጋር አንድ የሚያደርግ ሰው ይገጥመኛል። ዘመድ ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። በጎንደር ዙሪያ፣ በተለይ በቅማንቶች ዘንድ የታወቀ መጠጥ ነው። የተፈተገው ገብስ ውሃ ውስጥ ያድራል፣ ተቆልቶ ይፈጫል፣ ከጌሾ ጋር በሸክላ ተደፍድፎ ሁለት ሦስት ወር ይቀመጣል። ሊጠጣ ሲፈለግ ከድፍድፉ ትንሽ ይወጣና ውሃ ይጨመርበታል፤ አድሮ በማግስቱ ይደርሳል። ትዕግሥት የሚጠይቅ ነገር ስለሆነ ከተማ ውስጥ የሚሠራው እየቀነሰ ነው። የእትዬ ኮረፌ ወፈር ያለ፣ ወይራ ወይራ የሚሸት ነው፤ ጋኑን በወይራ ነው የሚያጥኑት። አንድ ጣሳ ይበቃችኋል። ሁለተኛውን ከጠጣችሁ ሥራ አትመለሱም።

ሥጋ ግን የለም። ጾም ሆነ ፍስክ፣ ጭራሽ አይገባም። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው "ሥጋ ካስገባሁ ግማሹ ሰው ይቀርብኛል" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ነው ልብ ብዬ ማየት የጀመርኩት። በአገራችን የክርስቲያን ሥጋ፣ የእስላም ሥጋ እየተባለ ስንቱ ወዳጅ ምሳ ላይ ይለያያል። እዚህ ሁሉም ከአንድ ድስት ነው የሚበላው። ጎንደር ድሮ ሰፈሩ ራሱ የተለየ ነበር፤ አቡን ቤት፣ እጨጌ ቤት እየተባለ። በ1668 እ.ኤ.አ. በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ለብቻቸው እንዲኖሩ ተወስኖ ነበር፣ አዲስ ዓለም ሰፈርም ታሪኩ ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው። ዛሬ ከአዲስ ዓለም እየመጡ እትዬ ቤት ምሳ የሚበሉ ነጋዴዎች አውቃለሁ። ለነሱ ኮረፌው ቀርቶ ቡና ይፈላል።

አንድ ቀን ጎኔ አባትና ልጅ ተቀመጡ፣ ሙስሊሞች ናቸው፣ አባትየው ለሕክምና ነው የመጡት። "አገርዎ ወዴት ነው?" አሏቸው እትዬ። ሰውየው ትንሽ ዝም አሉና "ግጭ ነበር" አሉ። "ነበር" ያሉት ነገር እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ግጭን የማታውቁ ካላችሁ፣ ሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የነበረ መንደር ነው፣ ጅባራና ጓሳ ያለበት፣ ጭላዳ ዝንጀሮ ከቤት ጓሮ የሚውልበት። ጤፍ እዚያ አይታሰብም፣ ያለው ገብስ ነው። ፓርኩ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች ጋር ተመዝግቦ ስለነበር በ2016 እ.ኤ.አ. የመንደሩ 418 አባወራዎች ተነስተው ደባርቅ ከተማ ሰፈሩ። በዓመቱ ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ለዋልያው ጥሩ ሆነ፣ በዚህ ደስ ይለኛል፣ ከልቤ ነው። ግን ሰውየው እንጀራውን ቆርሰው "እዚያ እያለን ገብስ እንሸጥ ነበር፤ አሁን በኪሎ እንገዛለን" ሲሉ እኔም መጉረስ አቃተኝ። እትዬ ምንም አላሉም። ሌላ እንጀራ ጨመሩላቸው፣ ለሱም አላስከፈሉም። ሲወጡ ልጁ "አባቴ ሁለት እንጀራ ከበላ ቆይቷል" አለኝ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ከእስራኤል የመጡ እናትና ልጅ ነበሩ። ሴትዮዋ አሽዶድ ነው የሚኖሩት። በልጅነታቸው በእግር ሱዳን ገብተው፣ በ1984 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በዘመቻ ሙሴ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ከሄዱት ናቸው። "አምቦበር" አሉ ሲጠየቁ፣ ከጎንደር ብዙ የማይርቅ፣ በቤተ እስራኤሎች የታወቀ መንደር ነው። እትዬ "እንግዲያማ ጎረቤት ነሽ!" ብለው ሳሟት። ልጅየው አማርኛው ጥቂት ነው፣ እናቱ ግን ሥጋ አለመኖሩን ስትሰማ ዘና አለች፤ እሷ ሥጋ በየቦታው አትበላም። ቆሎውን ሲያሽ፣ ገለባውን እፍ ሲል እናትየው በስልክ ቀረጸችው።

አሁን ደግሞ ያልወደድኩትን ልንገራችሁ። ቤቷ ጠባብ ናት፣ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፣ ነጭ ልብስ ለብሳችሁ አትሂዱ። የእጅ ውሃ በጆግ ነው፤ ሰው ሲበዛ ያልቅና ልጅቷ እስክትቀዳ ትጠብቃላችሁ። ምግቡ ይዘገያል፣ ከምጣድ ስለሚወጣ ግድ ነው፣ የቸኮለ ሰው ግን ይናደዳል። ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ መንገድ ሲዘጋ ከደባርቅ ገብስ አይመጣም። እንዲህ ባለ ሳምንት ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለት ጊዜም ባዶ ተመልሻለሁ። በዚያ ላይ ስንዴ ቀላቅለው ገብስ ነው አይሉም፤ "ዛሬ የለም ልጄ" ይላሉ። ስለዚህ ብቀርም አልከፋኝም።

ዋጋው መጨረሻ ስሄድ የገብስ እንጀራ በሽሮ 120 ብር ነበር፣ ኮረፌ በጣሳ 30 ብር። ፒያሳ በዚህ ዋጋ ይህን ያህል አትጠግቡም። ቅዳሜ ከገጠር የመጣው ገበያተኛ ስለሚገባ ከ6 ሰዓት በፊት ድረሱ፣ 7 ሰዓት ላይ ሊጡ ያልቃል። እሁድ ዝግ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ የስምንት ዓመት ልጄን ይዤው ሄድኩ። ዳባትን ያየው ሁለቴ ነው። "የኔ ዓለም፣ አገርህ ወዴት ነው?" አሉት። "ማራኪ" አላቸው። ላርመው አፌን ስከፍት እትዬ በእጃቸው አስቆሙኝ። "ማራኪ ጥሩ አገር ነው" አሉትና የጤፉንም የገብሱንም እንጀራ ጎን ለጎን አድርገው አቀረቡለት። የጤፉን ጨረሰ። የገብሱን ግማሽ በላ። ቆሎውን በሁለት ኪሱ ሞልቶ ወጣ፣ ማታ ሲተኛ ሱሪው ውስጥ ቀርቶ ነበር፣ እናቱ አራግፋ አወጣችው። ጠዋት ቆሎዬ የት አለ ብሎ ተጣላን። በሚመጣው ቅዳሜ እንመለሳለን።